የጥር ዕዳ ኅዳር ላይ ሲንጠለጠል

ነገሩ ከሆነ ዓመት ሊሞላው ነው። እኔ ግን አሁንም ተርሚናል፣ ማለትም ኮምፒውተሩን በጽሑፍ የማዝበትን መስኮት፣ በከፈትኩ ቁጥር የእማማ ድምፅ ጆሮዬ ላይ ያቃጭላል። «ኧረ ልጄ፣ እኔ ከሚያዝያ ወዲህ አልከፈልኩም ነው የምትለው?»

እሁድ ከሰዓት ነበር። ደሴ፣ ጦሳ ሥር፣ ጉሙ አልነሳም ብሎ የዋለበት ቀን። የሰፈራችን ቅሬ ዓመታዊ ስብሰባ ላይ ነን። ሌላው አገር እድር የሚለውን እኛ ቅሬ እንላለን። ዱዓው ተደርጓል፣ ምርቃቱም ወርዷል፣ ቡናው ቶና ላይ ደርሷል። ከአባላቱ አንዱ ከቤቱ ተሸክሞ ያመጣው ቴሌቪዥን አግዳሚ ወንበር ላይ ቆሟል። አጠገቡ እኔ አለሁ። የዓመቱን መዋጮ በኮምፒውተር ሠርቼ ላሳይ ነው። ትንሽ ኮራ ብያለሁ፣ አልዋሽም።

ስክሪኑ ላይ ስም አለ፤ ከስሙ ቀጥሎ አሥራ ሁለት ወር። ለከፈለ የራይት ኢሞጂ፣ ላልከፈለ ቀይ ኤክስ። ጳጉሜን ቅሬያችን ይምራል።

እማማ የተቀመጡት ከፊት ነው። ዓይናቸው ደከም ስላለ የልጅ ልጃቸው ወሮቹን አነበበላቸው። መስከረም ራይት፣ ጥቅምት ራይት፣ እያለ ወረደ። ሚያዝያ ላይ ሲደርስ ራይቶቹ አለቁ። ከግንቦት እስከ ነሐሴ ባዶ። እኚህ ሴትዮ አንድ ወር አሳልፈው አያውቁም። 50 ብሯን በነጠላቸው ጫፍ ቋጥረው ወር በገባ በሦስተኛው ቀን ጸሐፊው ቤት የሚደርሱ ናቸው። አሁን በጎረቤት ሁሉ ፊት የአራት ወር ባለዕዳ ሆኑ።

ከእሳቸው ሥር ያለው መስመር ጅቡቲ ሄዶ ዓመቱን ሙሉ ሳይከፍል የቀረ ጎረቤታችን ነው። የእሱ 12 ኤክሶች እንደ ሰልፈኛ ከመስከረም እስከ ነሐሴ ቀጥ ብለው ቆመዋል። አንዱም አልተዛነፈም። ሌላ ሰውዬ ደግሞ ያልከፈለው ጥርን ብቻ ነበር። የጥር ዕዳው ኅዳርና ታኅሣሥ መካከል ተንጠልጥሏል። የከፈለው ሁሉ ተጣሞ፣ ጨርሶ ያልከፈለው ብቻ ቀጥ ብሎ ታየ።

«ኮምፒውተሩ በርጫ ላይ ነው እንዴ?» አለ ከኋላ አንድ ጎረምሳ። ተሳቀ። እማማ ግን አልሳቁም።

እኔ ላፕቶፕ ላይ እኮ ደህና ነበር

ይቺን ዓረፍተ ነገር ፕሮግራም የሚጽፍ ሰው ሁሉ አንድ ቀን ይላታል። እኔም አልኳት። እውነትም ደህና ነበር። ግን ያን ቀን ቴሌቪዥኑ ላይ የተሰካው የእኔ ላፕቶፕ አልነበረም። መብራት ሄዶ አድሮ ባትሪዬ ባዶ ነበር። የጸሐፊያችን ልጅ የራሱን ሰጠኝ። ኮምፒውተሩን የሚያንቀሳቅሰው ያው ሊኑክስ፣ ፕሮግራሙ የተጻፈበት ቋንቋም ያው ፓይተን፣ ፋይሉም ያው፣ በፍላሽ የተገለበጠ። የተለየው ተርሚናሉ ብቻ ነው። እኔ ቤት የምጠቀመው ኪቲ የሚባለውን ነው፤ ልጁ ከሲስተሙ ጋር አብሮ የመጣውን።

ማታ እራት አልበላ አለኝ። የልጁን ላፕቶፕ ለምኜ አሳድሬው ነበርና ሁለቱን ጎን ለጎን አስቀመጥኩ። በአንዱ መስመር ራይት፣ በአንዱ ኤክስ፣ በአንዱ የአማርኛ ፊደል ጻፍኩ። ከእያንዳንዳቸው ኋላ ቋሚ ሰረዝ አስከተልኩ። የኤክሱ ሰረዝ ሁለቱም ስክሪን ላይ እኩል ቦታ ቆመ። የፊደሉም እንደዚያው። የራይቷ ሰረዝ ግን እኔ ጋ ሁለት ካሬ ርቃ፣ ልጁ ጋ አንድ ካሬ ርቃ ቆመች።

ካሬ ያልኩት ተርሚናል ገጹን በእኩል እኩል ቁራሽ ከፋፍሎ ስለሚያየው ነው። ልማዱ የቆየ ነው። በአንድ መስመር 80 የሚለው ልክ አይቢኤም እ.ኤ.አ. በ1928 ካወጣው ባለ 80 ዓምድ የቀዳዳ ካርድ የወረደ ነው። እ.ኤ.አ. በ1978 የወጣው ቪቲ100 ተርሚናልም 80 በ24 ነበር። ዛሬ መስኮት ውስጥ የምንከፍታቸው ተርሚናሎች አብዛኞቹ አሁንም የዚያን ዕቃ ጠባይ ያስመስላሉ። ያኔ አንድ ካሬ ማለት አንድ የእንግሊዝኛ ፊደል ነው፣ አለቀ። ጃፓን፣ ቻይና፣ ኢሞጂ፣ ደሴ፣ ማንም አልታሰበም።

ደሴ ስንት ናት?

መጀመሪያ ፕሮግራሙን የጻፍኩት ባሽ በሚባለው የተርሚናል ትእዛዝ ቋንቋ ነበር። ያኔም ተዛንፎብኝ ነበር፤ በሌላ ምክንያት። የዚያን ጊዜው ምክንያት ቢያንስ ገብቶኛል።

«ደሴ» የሚለውን ቃል እንውሰድ። ለእኔና ለእናንተ ሁለት ፊደል ናት። ኮምፒውተር ጽሑፍ የሚያከማችበት ዩቲኤፍ-8 የሚባለው ዘዴ ግን እያንዳንዱን የግዕዝ ፊደል በሦስት ባይት፣ በሦስት የማከማቻ ቁራሽ ማለት ነው፣ የሚያስቀምጠው። ስለዚህ ደሴ 6 ባይት ናት። ባሽ ደግሞ በባዶ ሲሞላ የሚቆጥረው ባይት ነው። ይህንን ስም 10 ቦታ እስኪሞላ በባዶ ሙላልኝ ስትለው፣ 6 አለኝ ብሎ 4 ባዶ ብቻ ይጨምራል። ዓይን የሚያየው 2 ፊደልና 4 ባዶ ነው፤ 6 ካሬ። የአራት ፊደል ስም ያለው ሰውማ 12 ባይት ስለሆነ ጭራሽ ባዶ አይሰጠውም። ስሙ ከመዋጮው ጋር ይጣበቃል። ሙሐመድና ገብሬ አንድ ሰንጠረዥ ላይ ገብተው የየራሳቸውን ጉዳይ ጀመሩ።

ወደ ፓይተን ሄድኩ። ፓይተን ባይቱን ትቶ የዩኒኮድ ቁጥሮችን ይቆጥራል፤ ዩኒኮድ ለዓለም ፊደልና ምልክት ሁሉ የየራሱን ቁጥር የሚሰጥ መዝገብ ነው። ደሴ 2 ሆነች። ስሞቹ ሁሉ ቀጥ አሉ፤ ወልዴም ዘይነባም። ያን ጊዜ ነገሩ ያለቀ መሰለኝ።

እዚህ ላይ ስለ ፊደላችን አንድ ነገር ሳልናገር አላልፍም። ለተርሚናል እንደ ግዕዝ ፊደል ጨዋ እንግዳ የለም። የሌላ አገር ጽሑፍ አለ፤ ተነባቢው ለብቻ፣ አናባቢው ለብቻ ተቆጥሮ እላዩ ላይ የሚደረብ። የእኛ እያንዳንዱ ፊደል የራሱ ቁጥር አለው። የግዕዝ ፊደል ዩኒኮድ ውስጥ የገባው እ.ኤ.አ. በ1999 በወጣው ስሪት 3.0 ነው። አሰላለፉም ልክ እንደ ልጅነታችን የፊደል ገበታ ነው፤ ለአንድ ቤተሰብ ስምንት መቀመጫ። በዩኒኮድ ልማድ፣ በአሥራ ስድስት መሠረት (ሄክስ) ሲጻፉ፦ ሰ 1230፣ ሱ 1231፣ ሲ 1232፣ ሳ 1233። ኃምሷ ሴ ስንት እንደምትሆን ገምቱ። 1234! ፕሮግራመር ደግሞ ለሙከራ ቁጥር ጻፍ ሲባል መጀመሪያ እጁ የሚሄደው ወዴት እንደሆነ ታውቃላችሁ። ግዕዝ ይኑር አይኑር የማያውቅ ፈረንጅ ዩኒኮድ ሊሞክር ዝም ብሎ 1234 ይጽፍና ሴ ብቅ ትላለች። የደሴ ሴ! የሰው ኮድ ውስጥ ባየኋት ቁጥር የአገር ልጅ እንዳገኘ ሰው ፈገግ እላለሁ።

ቅሬታም አለኝ። ተርሚናል ለፊደላችን የሚሰጠው አንድ ካሬ ነው፤ ለቀጭኗ «ነ»ም ለሰፊዋ «መ»ም እኩል። ከተማርነው የእጅ ጽሑፍ ጋር አይሄድም። አብዛኛው የተርሚናል ፎንት የግዕዝ ፊደል ስለሌለው ከሌላ ፎንት፣ ለምሳሌ ከኖቶ ሳንስ ኢትዮፒክ፣ ይበደራል። የተበደረው ደግሞ ለካሬ ተብሎ አልተሰፋም። «ሙሐመድ» ሲጻፍ ፊደሎቹ ሚኒባስ ውስጥ እንደተጠቀጠቀ ሰው ይገፋፋሉ። ያም ሆኖ አይዛነፉም። ጠቧቸውም ቢሆን ቦታቸውን አይለቁም።

ራይቷ የደረበችው ካባ

ወደዚያች ሌሊት ልመለስ። ራይቷን ለፓይተን ሰጥቼ ስንት ናት አልኩት። ሁለት አለኝ። አንዲት ራይት እንዴት ሁለት ትሆናለች? ቁጥሮቿን አስወጣሁ። በተለመደው በአሥር መሠረት 10004 እና 65039።

10004 ራይቷ ራሷ ናት። 65039 ግን አይታይም። የራሱ መልክ የለውም። ሥራው ማዘዝ ብቻ ነው፦ «ከፊቴ ያለችውን ምልክት እንደ ኢሞጂ፣ በቀለም ሳላት» ይላል። ምልክቷን ከስልኬ ስገለብጥ እሱም ተከትሎ ገብቷል። ስንት ወር አብረን ስንኖር አላየሁትም። በባይት 6 ናት፣ በዩኒኮድ ቁጥር 2 ናት። በሁለቱም ከደሴ እኩል! በካሬ ግን ማን እንደሚቆጥራት ይወሰናል።

ለምን እንደዚህ ሆነ ብዬ ስቆፍር የዕድሜ ነገር ሆኖ አገኘሁት። ራይቷ አሮጊት ናት። ዘሯ ሄርማን ዛፕፍ የተባለው ጀርመናዊ የፊደል ነዳፊ እ.ኤ.አ. በ1978 ለኅትመት ካወጣቸው ጌጣጌጥ ምልክቶች ነው። ከቪቲ100 ጋር እኩያ መሆናቸው ነው። ዩኒኮድ ውስጥም የገባችው በ1990ዎቹ መጀመሪያ፣ ኢሞጂ እዚያ ከመድረሱ በፊት ነው። ስለዚህ በተፈጥሮዋ ጥቁር ቀለም ናት፣ አንድ ካሬ ትበቃታለች። ቀለሙ በኋላ የተደረበላት ካባ ነው። ቀዩ ኤክስ ግን ወጣት ነው። ዩኒኮድ 6.0 እ.ኤ.አ. በ2010 ኢሞጂዎችን በጅምላ ሲያስገባ አብሮ ገባ። ከነካባው ነው የተወለደው።

ኢሞጂ ሁለት ካሬ የሚይዘው ደግሞ ከጃፓን ስልኮች ስለመጣ ነው። የጃፓንና የቻይና ፊደል ተርሚናል ላይ ከጥንት ጀምሮ ሁለት ካሬ ይይዛል። ኢሞጂም ከእነሱ ጎን ቆሞ ስለኖረ ወርዱ ከእነሱ ጋር ተቆጠረ። ዩኒኮድም እ.ኤ.አ. በ2016 በስሪት 9.0 ይህንኑ አጸደቀ። እንግዲህ ካባ የደረበችዋ አሮጊት ስንት ካሬ ትያዝ? ኪቲ ካባውን አይቶ ሁለት ይላል። የልጁ ተርሚናል ሰውነቷን አይቶ አንድ ይላል። ሁለቱም የየራሳቸው ምክንያት አላቸው፤ እውነቴን ነው፣ አንዱን ብቻ ጥፋተኛ ማድረግ አልቻልኩም።

ያበሳጨኝ ሌላ ነው። ፕሮግራሙና ተርሚናሉ አይነጋገሩም። ፕሮግራሙ የራሱን የወርድ ሰንጠረዥ አይቶ ይገምታል፤ ተርሚናሉም በራሱ ሰንጠረዥ ይስላል። ብዙዎቹ ማርከስ ኩን የተባለ ሰው በነፃ የለቀቃትን አጭር ኮድ ወይም የእሷን ዝርያ ወርሰዋል፤ አንዱ የቆየውን ስሪት፣ አንዱ የታደሰውን። ሁለት ሰዎች በየራሳቸው ስንዝር አንድ ጣቃ ሲለኩ አስቡት። ባልና ሚስት፣ ልጆችም ያሉበት የቤተሰብ ኢሞጂማ ጉድ ነው። አራት ሰው በሦስት የማይታይ ማያያዣ ተጣብቆ 7 ቁጥር፣ 25 ባይት። አንዱ ተርሚናል ሁለት ካሬ ላይ ቤተሰቡን ሰብስቦ ያስቀምጠዋል፣ ሌላው በትኖ ስምንት ካሬ ላይ ያሰልፈዋል። አሁን አሁን ሞድ 2027 የሚባል መግባቢያ የሚቀበሉ ተርሚናሎች አሉ፤ ፕሮግራሙ የተጣበቀውን እንደ አንድ ቁጠርልኝ ማለት ይችላል። ገና ሁሉም ጋ አልደረሰም።

አሁን የእማማን ሒሳብ እንሥራ። ከላይ የወሮቹን ስም በሁለት ፊደል አሳጥሬያለሁ፤ መስ፣ ጥቅ፣ ኅዳ እያለ ይሄዳል። ከአንድ ባዶ ጋር ለአንድ ወር 3 ካሬ። ፓይተን ራይቷን 2 ስላላት የጨመረላት ባዶ አንድ ነው። ልጁ ስክሪን ላይ ራይቷ 1፣ ባዶው 1፤ ለአንድ ወር 2 ካሬ። አሥራ ሁለት ወር 24 ካሬ። 24 ለ3 ሲካፈል 8። ስምንተኛው ወር ሚያዝያ ነው። ሒሳቡ ልክ ነው። ያናድዳል።

ኤክሱስ ለምን አልተዛነፈም? የእኔ ኃጢአት ያለው እዚህ ነው። ቤት ስሠራው ኤክስ ያለባቸው መስመሮች በአንዳንድ ካሬ ይረዝሙ ነበር። ፓይተን ኤክሱን 1 ብሎ ስለቆጠረው 2 ባዶ ይጨምራል፤ ኤክሱ ግን በካሬ 2 ነው። አይቻለሁ። ለምን ብዬ አልጠየቅኩም። ከኤክሱ ላይ አንድ ባዶ በእጄ ቆረጥኩና ቀጥ ሲል «ይኸው!» ብዬ ተኛሁ። ስለዚህ ኤክሱ የትም ቢሄድ ልክ ሆነ። ራይቷ ግን እኔ ቤት ብቻ። ከመጠምጠም መማር ይቅደም ይላሉ፤ እኔ ጥምጣሙን ከስልኬ ገልብጬ ነው የመጣሁት። ለነገሩ ኢሞጂውንም ያስገባሁት አስፈልጎኝ አይደለም። የሰው ፕሮግራም ላይ አይቼ አማረኝ። ሲሉ ሰምታ ዶሮ ታንቃ ሞተች።

የጋሼ ደብተር

ስለ ስብሰባው አንድ ነገር ዘልያለሁ። የዘለልኩት ስለሚከብደኝ ነው።

እማማ ሲጠይቁኝ መልስ አልነበረኝም። ኪቦርዱን እነካካለሁ፤ መስኮቱን አሰፋለሁ፣ አጠባለሁ። ቤቱ ዝም አለ። ያኔ ጸሐፊያችን ተነሱ። ጋሼ ብዬ ነው ከልጅነቴ የምጠራቸው። መነጽራቸውን አጠለቁ። ከኮታቸው የውስጥ ኪስ አንድ ለሁለት የታጠፈ ባለ ካሬ ደብተር አወጡ። ጣታቸውን ምራቅ አስነክተው ገለጡና ማንንም ሳያዩ አነበቡ።

«ግንቦት፣ ከ። ሰኔ፣ ከ። ሐምሌ፣ ከ። ነሐሴ፣ ከ።»

ከዚያ ቀና አሉና «አብሽሩ፣ ሙሉ ነዎት» አሏቸው። እማማ አንገታቸውን ነቀነቁ። ነጠላቸውን አስተካከሉ። ጋሼ ወደ እኔ ዞሩ። ይቆጡኛል ብዬ ነበር። «ና ቁጭ በል፣ ቡናህ ቀዘቀዘ» ብቻ አሉኝ።

ቁጭ ስል ደብተሩ አጠገቤ ተከፍቶ ነበር። ስንት ጊዜ አይቼዋለሁ፤ ዳታውን ራሱ ከእሱ ነው የገለበጥኩት። ያን ቀን ግን ሌላ ሆኖ ታየኝ። ገጹ እኩል እኩል ካሬ ነው። በአንዱ ካሬ አንድ ፊደል። የከፈለ «ከ»፣ ቀሪ ያለበት «ቀ»፣ እሷም በቀይ ቢክ። ምንም አይዛነፍም። እኔ «ከ»ን አንብቤ ወደ ራይት፣ «ቀ»ን አንብቤ ወደ ኤክስ ስተረጉም ነው ሳምንት የፈጀሁት። ትርጉሙን ማን ጠየቀኝ?

በማግስቱ ማስተካከያው አምስት ደቂቃ አልወሰደም። አረንጓዴ ሳጥን ውስጥ ያለችውን ራይት ብጠቀም ኖሮም ይሠራ ነበር፤ እሷ እንደ ኤክሱ በ2010 የገባች፣ ሁለት ካሬዋ የማያከራክር ናት። ሞክሬያታለሁ፣ ሁለቱም ላፕቶፕ ላይ ቀጥ አለች። ግን ተውኳት። «ከ» እና «ቀ» አስገባሁ። ቀዩን ቢክ አልረሳሁም፤ «ቀ»ን ተርሚናሉ ራሱ በቀይ እንዲቀባት አደረግሁ። ቀለም ካሬ አይበላም።

አልጠግብ ብሎኝ ግራፊክስ የሌለው ጥቁር ኮንሶል ላይም ሞከርኩት። እዚያ በአንድ ጊዜ ከ512 በላይ ምልክት መጫን አይቻልም። ኢሞጂ የሚታሰብ አይደለም፣ ባዶ ሳጥን ነው የሚወጣው። ዴቢያን በሚባለው የሊኑክስ ዓይነት ላይ ግን ጎሃ የሚባል የግዕዝ ኮንሶል ፎንት አለ። ጫንኩት። ከ፣ ከ፣ ቀ፣ ከ። ልክ እንደ ጋሼ እጅ ጽሑፍ፣ ትንሽ ጎርበጥ ያለች።

በወሩ ስብሰባ ቴሌቪዥኑ ተመልሶ መጣ። የሰካሁት ሆን ብዬ የልጁን ላፕቶፕ ነው። ጋሼ ደብተራቸውን ጭናቸው ላይ ገልጠው አንድ በአንድ ያመሳክራሉ። እማማ አላመኑኝም፣ ቢያምኑኝ ነበር የሚገርመኝ። ተነሥተው ስክሪኑ ድረስ መጡ። «የእኔ የቷ ናት?» አሉ። የልጅ ልጃቸው መስመራቸውን አሳያቸው። ጣታቸውን መስታወቱ ላይ አድርገው፣ በአንደኛዋ «ከ» ጀምረው ከንፈራቸውን እያንቀሳቀሱ ቆጠሩ። ቤቱ ሁሉ ይጠብቃል። አሥራ ሁለት ሲሉ ጣታቸው ነሐሴ ላይ ነበር።